እንዳይሸጥልኝ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ስለዚያች መኪና ከመናገሬ በፊት እኔ ማን እንደሆንሁ ይታወቅ። መምህር ፊት ቁጭ ብዬ የተማርሁት አንድም ነገር የለም። ፊደል የለየሁት ጎንደር ውስጥ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ተገልብጦ የተለጠፈውንም ጽሑፍ አንገቴን ሳላዞር አነባለሁ፤ ይህን የሚችል ሌላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ዕብራይስጥ የተማርሁት ከሬዲዮ ዜና ነው። ሞተር የተማርሁት ከራሱ ከሞተሩ ነው። ይህን የምጽፈውም በገዛ እጄ ነው። ማንም አላረመልኝም፤ የሚታረም ነገር ያለውም አይመስለኝም።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ቀን ማረሻ ሊያሠሩ ደጃችን የሚቆሙት ጎረቤቶች ሲመሽ ዓይናችንን ይፈሩ ነበር። ከዚያ ቤት ርስት አልወረስሁም። የወረስሁት ብረት ሲታመም የሚሰማ ጆሮ ነው። ጢሜ ማቀምቀም ሲጀምር ጎንደር ከተማ አንድ ጋራዥ ገባሁ። የጋራዡ ጌታ ሙያውን ከጣሊያኖች እጅ የተቀበለ ሰው ነበርና ለመኪና አካል ሁሉ የጣሊያን ስም ነበረው፦ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ። ለእኔ እነዚህ ስሞች የእኛው አማርኛ ነበሩ። ማንም እንደማያውቃቸው የተረዳሁት ኢየሩሳሌም መጥቼ ታልፒዮት ካሉት ጋራዦች በአንዱ ስቀጠር ነው። «ካንዴላ አቀብሉኝ» ስል ጋራዡ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያየኝ ነበር። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ደንበኞች መኪናቸውን ሲያመጡ «ሽማግሌው ይስማት» ማለት ጀመሩ። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ያኔ ጸጉሬ ገና በደንብ አልሸበተም ነበር።

ወገቤ እምቢ ሲለኝ ጋራዡን ትቼ ዘበኛ ሆንሁ። የያፎ መንገድ ለባቡር ገና ያልተቆፈረበት ዘመን ነው። ያኔ ፍንዳታ ስለሚፈራ በከተማው ዘበኛ የሌለው በር አልነበረም፤ ካፌውም ፋርማሲውም የሰው ቦርሳ የሚፈትሽ ሰው ይፈልግ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ያለ የአንድ ትንሽ ክሊኒክ በር ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ ግንብ ስለሆነ ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። እዚያው መንገድ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ገዳም መነኮሳት በደጄ ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጡኛል። ከእነርሱ አንዱ የደንቢያ ሰው ነበር። ሃይማኖታችን ቢለያይም ስለ ዝናብና ስለ ከብት ስናወራ ቃላችን አንድ ነው። በሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ተሰጥቶኛል። እግሩ የተሰበረ ነበር፤ ራሴ ጠገንሁት።

መኪናዋ የቆመችው ከዚያ ወንበር ፊት ለፊት ነው።

ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ሸራ። ቀለሟ ድሮ ቀይ ነበረ፤ ፀሐይ ላይ የከረመ በርበሬ መስሏል። ለፍጥነት የተሠራች የጣሊያን መኪና ነበረች። መስተዋቷ ላይ ትሸጣለች የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። መጀመሪያ ሳያት ናቅኋት። የሀብታም ልጅ መጫወቻ ነች ብዬ አለፍሁ። አንድ ጠዋት ግን ባለቤቱ ሊያስነሣት መጣ። ከክሊኒኩ ፊት ለፊት የሚኖር የቫዮሊን መምህር ነው፤ ጸጉሩን ያሳደገ፣ የጫማውን ክር ሳያስር የሚወጣ፣ ደግ ሰው። ቁልፉን አዞረ። ሳለች፣ አነጠሰች፣ ከኋላዋ ነጭ ጭስ ለቀቀች። ጭሱ ጣፋጭ ሽታ ነበረው። እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ «ጓርኒሲዮን!» አልሁ።

መምህሩ ዞሮ አየኝ። «ምን አልህ?»

«ጓርኒሲዮን። ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን ሥር ያለው። ተቃጥሏል። ውሃው ወደ እሳቱ እየገባ ነው።»

ሮጦ ከመኪናዋ ውስጥ አንድ አሮጌ መጽሐፍ አወጣ። ፋብሪካው በጣሊያንኛ ያዘጋጀው መመሪያ ነው። ከሥዕሎቹ ሥር የተጻፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። የሰማሁት የጎንደሩን ጌታዬን ድምፅ ነው። ካንዴላ። ፍሪሲዮን። ማርሚታ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ የጋራዥ ቋንቋዬን የመለሰልኝ ሰው አልነበረም፤ ይህች መኪና መለሰችልኝ። ደህና ብትሆን ኖሮ ቀና ብዬም አላያትም። የታመመች ስለሆነች፣ በሽታዋም በእኔ ቋንቋ ስም ስላለው፣ ያን ቀን ልቤ ሄደ።

«ግዛት» አለኝ መምህሩ። «የወንድሜ ነበረች፤ ትቶብኝ አገር ለቆ ሄደ። እኔ እንኳን መኪና ብስክሌትም አላውቅም። ቦታችንን ይዛብናለች ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ጠልቶኛል። ለአንተ በርካሽ እሰጥሃለሁ።»

«አልገዛም» አልሁት።

የማልገዛበት ምክንያት ባለቤቴ ነች። የምንኖረው ቃታሞኒም ሰፈር ነው፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ፣ በላይኛው ፎቅ። የባለቤቴ ጉልበት ከዓመት ዓመት እየባሰበት ሄዶ ከቤት መውጣት አቁማለች። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ወንበር ላይ አስቀምጠን ከጎረቤቶች ጋር ተሸክመን እናወርዳታለን። እሷ ዓይኗን ጨፍና እስከ ታች ድረስ ደረጃውን ትሳደባለች። በዚያ ሰሞን ምድር ቤት ይኖሩ የነበሩ የሞሮኮ ሽማግሌ ወደ ልጃቸው ሄዱና ቤቱ ባዶ ሆነ። ቤቱን በራሳችን ወጪ ካደስነው አከራዮቹ እንደሚለውጡልን፣ ካልቻልን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት ተነገረን። ለዚያ የሚበቃ፣ ከዚያም የማያልፍ ያጠራቀምነው ነበረን። መኪናዋን ከገዛሁ ባለቤቴ እፎቁ ላይ ትቀራለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን እያወቅሁ እራት ላይ «ዛሬ አንዲት መኪና አየሁ» አልኋት።

«ስንት በር አላት?»

«ሁለት።»

ባለቤቴ ሲከፋት «አንተ» ማለቷን ትታ በአንቱታ ትጠራኛለች። «ሁለት በር! አንዱ ለአንቱ፣ አንዱ ለማን ነው? እኔን በመስኮት ሊያስገቡኝ ነው?»

«እስኪ አትቀልጂ። ጠግኜ እሸጣታለሁ። በትርፉ . . .»

«በትርፉ አሳንሰር ይገዙልኛል።»

«አሳንሰርም ቢሆን እኔ ብይዘው . . .»

«አዎ፣ አንቱ የማይዙት የለም። ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ የሰበሰቡት የሬዲዮ ሬሳ አልጋው ሥር ሞልቷል። ዘንድሮ ደግሞ የመኪና ሬሳ ያምጡልን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያን ቤት ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ» አለችኝ። አንቱታውን ትታ ነበር። የከበደኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ራሴን ለመጠበቅ ያላደረግሁት የለም። ወንበሬን አዙሬ ለመኪናዋ ጀርባዬን ሰጠኋት፤ ዘበኛ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ይቀመጣል ወይ ብሎ አለቃዬ ጮኸብኝ። ፒስጋት ዘኤቭ ወዳለ ሌላ በር እንዲያዛውሩኝ ጠየቅሁ፤ ቦታ የሚለውጠኝ ሰው ጠፋ። ዝናብ ሲመጣ ሸራዋ ሲያፈስ እየሰማሁ መቀመጥ አልቻልሁምና ላስቲክ አለበስኋት። ይህ ርኅራኄ ነው፤ መግዛት አይባልም። በሳምንቱ ኮፈኗን ከፍቼ እሳት መለኮሻ ካንዴላዎቿን አወጣሁና ጠረግሁ። ይህም ንጽሕና ነው። መምህሩ ከመስኮቱ እያየ ፈገግ ይላል፣ በወረደ ቁጥር ዋጋ ይቀንሳል።

የደንቢያው መነኩሴ እጄ ዘይት ሆኖ ሲያገኘኝ ቆመ።

«ምነው ጌታው፣ ገዟት እንዴ?»

«አልገዛሁም፣ አባ። ፈተና ሆና መጥታብኝ ነው።»

ሞተሩን አየ፣ እጄን አየ። «እኛ የምናውቀው ፈተናን ሽሹት ሲባል ነው። ካንዴላውን ጥረጉለት ሲባል አልሰማሁም» ብሎ ሄደ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው የዓርቡ ነገር ነው። ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ መምህሩ ቁልፉን እጄ ላይ አኖረና «አትግዛት፣ ግን አንድ ጊዜ ንዳት። ከቆመች ትሞታለች» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የቆመ ሞተር ይሞታል። ራዲያተሯን በውሃ ሞልቼ ወጣሁ። በነቢያት መንገድ ስወርድ መሪዋ እንደ ሠለጠነች በቅሎ ታዘዘኝ። ማርሽ ስለውጥ እንዲህ ነበር፣ እንዲህ . . . ይህን ለማያውቅ ሰው መጻፍ ከንቱ ነው። ማሃኔ ይሁዳ ስደርስ ገበያው ለሰንበት የሚሸምት ሕዝብ ሞልቶት ነበር። ዳገቱ ላይ ሞተሯ ጋለ፣ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ወጣ፣ መሐል መንገድ ቆመች።

ከኋላዬ የመኪና ጡሩንባ ተንጫጫ። አንድ ዓሣ ነጋዴ ከመደብሩ ላይ ሆኖ «አያታችን ሻይ አፍልቶልናል! ብርጭቆ አምጡ!» ብሎ ጮኸ።

«ስኳርም ጨምርበት!» አለ ጎረቤቱ።

«አያቴ፣ ይህች ላንተ ወጣት ነች፤ አሮጊት ፈልግ!»

ራዲያተር ሲፈላ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ፊቱን ይላጣል፤ መጠበቅ ያስፈልጋል። እጄን አጣምሬ ኮፈኗ አጠገብ ቆምሁ። ሕዝቡ ሲስቅ፣ ጡሩንባው ሲጮኽ፣ ምንም ማድረግ ሳልችል ቆሜ ሳለሁ ደስ ብሎኝ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው። ያስፈራኝ ይኸው ነው። ነጋዴው ኋላ የዓሣ በረዶ የቀለጠበትን ባልዲ አቀበለኝና ራዲያተሯን ሞልቼ ተመለስሁ፤ መኪናዋ ለሳምንት ዓሣ ዓሣ ሸተተች። ቁልፉን ስመልስ ጣቶቼ አልፈታ ብለው መምህሩ በሁለት እጁ ነው የወሰደው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አሸተተችኝ። «ዓሣ ገዛህ?»

«አልገዛሁም።»

«ምንም አልገዛህም?»

«ምንም።»

በዚያ ሰንበት አርፌ ሳስብ ያገኘሁት ብልሃት እስከ ዛሬ ማንም ያላገኘው ነው። እኛ አገር ሰው ከሰው የሚፈልገው ሲኖር ሽማግሌ ይልካል። ሚስት ሲያጭ ይልካል፣ ሲታረቅ ይልካል። እኔም መኪናዋን እንዳይሸጥልኝ ለምን ሽማግሌ አልልክበትም አልሁ። ሰውዬው ለሽማግሌ ቃል ከገባ በኋላ እኔው ራሴ ሄጄ ብለምነው እምቢ ይለኛል። የእኔ ፈቃድ ሲደክም የእሱ ይቆማል።

ሦስት ሽማግሌ ከሰፈሬ መረጥሁ። ታላቅየው ዕድሜውን ራሱ የማያውቀው፣ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቀ ሰው ነው። ሁለተኛው ቀልደኛ ነው፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሰዎች አፋቸውን በነጠላ ይይዛሉ። ሦስተኛው ዝምተኛ ነው፤ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ይሸመግላል። ነገሩን ስነግራቸው ቀልደኛው ጣቱን አነሣ።

«እስኪ ልረዳህ። ልጅቷን እንዳይድሩልህ ነው የምትልከን?»

«እንደዚያ በለው።»

«ልጅቷን ግን ትወዳታለህ?»

«ኧረ በጣም።»

«አዬ! እንዲህ ያለ ሽምግልና ሳላይ ብሞት ይቆጨኝ ነበር።»

ታላቅየው በትሩን መሬት ላይ ተክሎ «ራሱን የሚፈራ ሰው ይደገፋል። እንሄዳለን» አለ።

ነጭ ኩታ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ በትር ይዘው መጡ። መምህሩ በሩን ሲከፍት ሦስቱም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። አንድ ችግር ነበር። እነሱ ዕብራይስጥ አያውቁም፣ እሱ አማርኛ አያውቅም። የሚያስተረጉመው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

መምህሩ ወንበር አወጣ። «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ታላቅየው። ወጉ ነው። ተረጎምሁ።

መምህሩ «ጠንካሮች ናቸው» አለኝ በሹክሹክታ። ውሃና ብስኩት ይዞ ተመለሰ።

«የመጣንበትን ሳንጨርስ እህል አንቀምስም።» ይህም ወጉ ነው። ተረጎምሁ። መምህሩ አንዱን ብስኩት ራሱ በላ፤ ግንባሩን አላበው።

ታላቅየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታው፣ ደጅዎ የቆምነው ስለዚህ ወንድማችን ነው። እጁ ብልህ ነው፤ ልቡ ግን ለብረት ደካማ ነው። ይችን መኪና እንዳይሸጡለት እንለምንዎታለን። ለምነን አፍረን አናውቅም፤ እርስዎም አያሳፍሩን።»

አንድም ቃል ሳልጥል ተረጎምሁት። «ልቡ ለብረት ደካማ ነው» የምትለውን እንኳ አልዘለልሁም። ስለ ራሱ የተነገረውን እንዲህ በታማኝነት የሚያስተረጉም ሰው ይምጣና ይየኝ።

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ። በዚህ ዋጋ አይሆንም ነው የሚሉኝ። ይሁን፣ ቀነስሁ።» አዲሱን ዋጋ ነገረኝ።

«ምን አለ?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ዋጋ ቀነሰ።»

«ሸጠልህ?»

«አልሸጠም። አረከሳት።»

ቀልደኛው ኩታውን ወደ ትከሻው መለሰ። «ጥሎሽ ልናስቀንስ የመጣን መሰልነው እንዴ?»

ታላቅየው ጎንበስ ብሎ ከግንቡ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣና ትከሻው ላይ አኖረ። በእኛ አገር ይህን አይቶ ልቡ የማይርድ የለም። ድንጋይ ተሸክሞ የሚለምንን ሽማግሌ ባዶውን መመለስ እርግማን ነው። መምህሩ ግን ደንግጦ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ምን ሊያደርግ ነው?»

«እየለመነህ ነው።»

«በድንጋይ?»

«በድንጋይ።»

«በቃ፣ በቃ! ጎማም እጨምራለሁ። ወንድሜ የተዋቸው አዳዲስ ጎማዎች ጓዳ ውስጥ አሉ፤ በነጻ ይውሰዱ። ድንጋዩን ብቻ ያውርድልኝ!»

አዲስ ጎማ! እንዳይሸጥልኝ የሚለምነውን ቃል የማቀብለው እኔ፣ ዋጋዋ ሲወርድ የምሰማውም እኔ። ሽማግሌዎቹ በለመኑ ቁጥር መኪናዋ ወደ እጄ ትቀርባለች። የምይዘው ጠፋኝ። ታላቅየው «ምን አለ?» ሲለኝ ከአፌ የወጣው ዕብራይስጥ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ እሺ ማለት ብቻ።

መምህሩ «ሳያዩዋትማ እንዴት ይስማማሉ» አለና የመኪናዋን በር ከፍቶ ለታላቅየው በእጁ አመለከተው። ታላቅየው ሳያዩ መፍረድ አይገባም ብሎ ድንጋዩን ለዝምተኛው አስያዘና ገባ። ገባ ከማለት ወደቀ ማለት ይቀላል። ወንበሯ ከመሬት አንድ ስንዝር ብትርቅ ነው። ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ፣ ባርኔጣው ዓይኑ ላይ ተደፋ።

«ይሄ መኪና ነው ጉድጓድ?»

«አባ፣ ይንዱና እንሂድ እንጂ» አለ ቀልደኛው። «ገበያ ዓሣ ረክሷል አሉ።»

«ቀልድህን ተውና አውጣኝ።»

እጁን ይዘን ሳብነው፤ አልወጣም። መምህሩ በሌላው በር ገብቶ ከጀርባው ገፋው፤ አልወጣም። ዝምተኛው ድንጋዩን እንደ ታቀፈ የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት ቆሟል። የደንቢያው መነኩሴ ሲያልፍ አይቶን መቋሚያውን ግንቡ ላይ አስደግፎ መጣ። ታላቅየው የበሩን ጠርዝ ጨብጦ ለመነሣት ሞከረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጉልበቴ» አለ በቀስታ። «ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

በብብቱ ሥር እጄን አስገብቼ አቀፍሁት። ራሱን መርዳት ያቃተው ሰው እንዴት እንደሚከብድ እኔ አውቃለሁ። በየጠዋቱ ባለቤቴን ከአልጋ ሳነሣ የማቅፈው ክብደት ይኸው ነው። እንዲህ ትንፋሽዋን ትይዛለች፣ እንዲህ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች። መነኩሴው እግሩን አንድ በአንድ አወጣለት፣ እኔ አነሣሁት። ግንቡን ተደግፎ ሲቆም ኩታውን አስተካከልሁለት። ቀልደኛው እንኳ አልሳቀም።

ከዚያ ሽማግሌዎቹን ሳልጠብቅ ለመምህሩ በራሴ ቃል ነገርሁት። «ሚስቴ ላይኛው ፎቅ ነች፤ መውረድ አትችልም። ያለን ገንዘብ እሷን ማውረጃ ነው። እኔ ግን ይህችን መኪና እወዳታለሁ። ነገ መጥቼ ሽጥልኝ እልሃለሁ፣ ከነገ ወዲያም እልሃለሁ። እነዚህ ሰዎች የመጡት እምቢ እንድትለኝ ሊለምኑህ ነው። ሌላ ምንም አልፈለጉም።»

መምህሩ ወደ ታላቅየው ሄዶ እጁን በሁለት እጁ ያዘና «አልሸጥለትም። ንገራቸው» አለ።

ነገርኋቸው። ዝምተኛው ድንጋዩን አወረደ። ሦስቱም ተቀመጡና ብስኩቱን በሉ። ቀልደኛው «መኪናህን እግዜር ከደጅህ ያንሣልህ» ብሎ መረቀው። መምህሩ አሜን ለማለት አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

በሳምንቱ ሄጄ ሽጥልኝ አልሁት፤ እንደምለው ተናግሬ ነበርና።

«አልችልም። ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«የላክኋቸው እኔ ነኝ! የእኔ ሽማግሌዎች ናቸው!»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የላክሃቸው።»

ዋጋ ልጨምርልህ አልሁት። እምቢ አለ። ተቆጣሁ፣ ለመንሁ፣ አንድ ቀን ድንጋይ ላነሣ ሁሉ አሰብሁ። እምቢ አለ። ብልሃቴ እንዲህ ጠንካራ መሆኑን ያወቅሁት እኔው ራሴ ልሰብረው ስሞክር ነው። ደካማ ሰው ያጠመደው ወጥመድ ቢሆን ኖሮ አመልጥ ነበር።

አንድ ጠዋት ጎታች መኪና መጣ። ሌላ ሰው ገዝቷታል። ሰንሰለቱን የያዘው ሰው ከሥሯ ብረት፣ ከሻንሲዋ ላይ ማሰር ሲገባው መከላከያዋ ላይ አሰረው። እንደዚያ ከተጎተተች ይነቀላል። ልነግረው ተነሣሁ። ክሊኒኩ በር ላይ ሰዎች ቦርሳቸውን ከፍተው ተሰልፈው ይጠብቁኝ ነበር፤ በሩን ትቼ መሄድ አልችልም። ጮክ ብዬ ነገርሁት፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጠኝ። አንድ እጄ የአንዲት ሴትዮ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ወደ ነቢያት መንገድ ሲጎትታት አየሁ። ከማጠፊያው ወዲያ ብረት ሲቀደድ ሰማሁ።

«ምን አገኘህ?» አለችኝ ሴትዮዋ። እጄ ቦርሳዋ ውስጥ ቆይቶ ኖሯል።

«ምንም» አልኋት።

ምድር ቤቱ ታደሰ፤ ባለቤቴ ወረደች። እኔ ያሰብሁት ከወረደች በኋላ እስከ ሱቁ ትሄዳለች፣ ከሰው ትቀላቀላለች፣ እንደ ድሮዋ ትሆናለች ብዬ ነው። አልሆነም። ከሕንፃው ደጃፍ አልፋ ብዙ አትርቅም። ደረጃው ቢቀርላትም ጉልበቷ አልቀረላትም። አንዳንድ ጠዋት ስታጥፈውና ስትዘረጋው ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማዋለሁ። ይንኮሻኮሻል። የት እንደሚፋጭ አውቃለሁ፤ ምን እንደ ጎደለውም አውቃለሁ። እጄን አኖርበታለሁ፣ ከዚያ በላይ የማደርገው የለኝም። እሷም «ምን ሰማህ?» ትለኛለች።

የቻልሁትን ግን ልጻፍ፤ ሌላ ሰው አይጽፍልኝምና።

መኪናዋን አልገዛሁም።

የሚገዛት ሰው እንዳይታለል በሽታዋን ሁሉ አንድ በአንድ ለመምህሩ ነግሬዋለሁ፤ እሱም እንደነገርሁት ነግሮ ሸጣት።

ታላቅየውን አንድም አጥንቱ ሳይጎዳ ከዚያ ወንበር አውጥቻለሁ።

የምድር ቤቱን ግድግዳ ራሴ ቀባሁ፣ ቧንቧውን ራሴ ለወጥሁ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ወንበር እንዲያሳልፍ ራሴ አሰፋሁ። ማንንም አላማከርሁም። ውሃ አያፈስም።

ባለቤቴን ለመጨረሻ ጊዜ ተሸክመን ስናወርዳት ከታች በኩል፣ ክብደቱ በሚያርፍበት፣ የያዝሁት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ደረጃውን አልተሳደበችም።

ደጃፉ ላይ ለጉልበቷ እንዲመች ከፍ ያለ አግዳሚ ሠርቼላታለሁ። ጎረቤቶች ይቀመጡበታል፤ እሷ ስትወጣ ይነሣሉ።

ትናንት ክንዴን ይዛ እስከ መንገዱ ጠርዝ ሄደን ተመልሰናል።